የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ ሲገዙ መጀመሪያ የመልስ ገጹን ይግለጡ

የምርጫ ጥያቄ መለማመጃ መጻሕፍት ሽፋናቸው ላይ በትልቁ የሚጽፉት የጥያቄውን ብዛት ነው፤ 500፣ 1000፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ብዛቱን ይርሱትና መጨረሻውን ገልጠው የመልሱን ገጽ ይዩ። «1. ሐ፣ 2. ሀ፣ 3. መ» እየተባለ ብቻ ከተደረደረ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት። ተማሪው መሳሳቱን ያያል እንጂ ለምን እንደተሳሳተ አይገባውም፤ ፊደሏን ሸምድዶ ያልፋል።

ቀጥሎ የተሳሳቱት አማራጮች እንዴት እንደተሠሩ ይመልከቱ። ሥራውን የሚያውቅ አዘጋጅ ስህተቱንም አስቦ ነው የሚያስገባው። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ 5/6፣ 2/5፣ 2/6 እና 1/6 ቢቀርቡ፣ 2/5ን የመረጠ ልጅ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። 2/6 ያለው የጋራ ታህቱን አግኝቶ ላዕሎቹን መቀየር ረስቷል። 1/6 ያለው አባዝቷል። መምህሩ ለማን ምኑን መልሶ እንደሚያስተምር ከዚህ ያውቃል። በችኮላ የተሞላ መጽሐፍ ግን ከ5/6 ጎን 40 እና 100 ይደረድራል።

ይህ ውጤቱንም ያዛባል። ባለ አራት ምርጫ 60 ጥያቄዎችን በጭፍን የሚገምት ሰው በአማካይ 15 ያገኛል። በየጥያቄው ሁለቱ አማራጮች ለይስሙላ የገቡ ከሆኑና እነሱን ካስወገደ 30 ያገኛል። ምንም ሳያውቅ ግማሹን አመጣ ማለት ነው፤ ወላጅም ደስ ይለዋል።

ትልቁ ጉዳት ግን ልጁ የሚለምደው ዘዴ ነው። «የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ላይ 7 ሲደመር 22 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው?» ሲባል፣ ምርጫ የቀረበለት ተማሪ አማራጮቹን አንድ በአንድ እያስገባ ይሞክርና 5 ላይ ይቆማል። ሲያስሉት 7ን ከ22 ቀንሶ 15ን ለ3 ማካፈል ነበር፤ እሱ ግን አንዱንም አልሠራም። አማራጮቹን ቢሸፍኑበት ባዶ ወረቀት ነው የሚመልስልዎ። ጽሑፍ ላይ ደግሞ ይብሳል፦ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ከአራት መምረጥ የሚችል ልጅ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያቅተዋል።

ስለዚህ መጽሐፉን ራሱን ይፈትኑት። 20 ጥያቄዎች መርጠው ከነምርጫቸው ያሠሩ። ከሳምንት በኋላ ቁጥሮቹን ቀይረው፣ አማራጮቹን አውጥተው፣ አሠራሩን ጭምር እንዲጽፍ ይጠይቁ። መጀመሪያ 17 አግኝቶ ኋላ 8 ካገኘ፣ የ9ኙ ልዩነት በአብዛኛው የዘዴ እንጂ የዕውቀት አይደለም።

ፈተና ናሙና ነው፤ ጥቂት ጥያቄዎች የዓመቱን ትምህርት ወክለው ይቀርባሉ። ትምህርቱ ወደ እነዚያ ጥያቄዎች ዓይነት ሲጠብ ናሙናው የጆንያው አፍ ላይ ብቻ ንጹሕ እህል እንደመሙላት ይሆናል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስገነዘበው ይህንኑ ነበር፦ አንድ መለኪያ ለውሳኔ በተፈለገ መጠን ራሱም ይበላሻል፣ የሚለካውንም ሥራ ያበላሻል። የትምህርት ቤት ፈተናን ራሱ በምሳሌነት ጠቅሶታል።

የኅትመት ዓመቱንም አይለፉት። የአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ መቀነስ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ «ካላወቅህ ዝለለው» ብሎ ይመክራል፤ ዛሬ ያንን የሚከተል ተፈታኝ ነጥብ በከንቱ ይጥላል።

እነዚህ መጻሕፍት ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም። ቦታቸው ግን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ያኔ ሰዓት መጠቀምን ያስለምዳሉ፦ 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ማለት ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ማጥቆርንም እንዲሁ። አንድ ጥያቄ ዘሎ ረድፉን ያልዘለለ ተማሪ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያዛንፈዋል፤ በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ይልመድ።