ለሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ የሚበረክት የጀርባ ሻንጣና ልብስ፦ ለገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ብርድ፣ የገደሉን ጉምና የቆላውን ሐሩር በአንድ ቀን ያገኛቸዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኙ፣ የመንዝ ጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ ጓሳ ላይ ውርጭ ሊወርድበት ይችላል። እንዲህ ባለ አገር ከመንደር ርቆ ድንኳን ተክሎ ለማደር ያሰበ ሰው ሻንጣና ልብስ ሲመርጥ በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ዕቃው ከረጠበ በኋላ ማገልገሉን ይቀጥላል ወይ? ቢቀደድስ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ላይ የሚጠግነው ባለሙያ ይገኛል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

የሻንጣው ጨርቅ

በገበያ ላይ የሚገኙት የጀርባ ሻንጣዎች በአብዛኛው ከሦስት ዓይነት ጨርቅ ይሰፋሉ፤ እነርሱም ሸራ፣ ፖሊስተርና ናይለን ናቸው። የጥጥ ሸራ እሾህንና የድንጋይ ጥርስን በደንብ ይችላል፣ የእሳት ፍንጣሪ ቢያርፍበትም እንደ ናይለን ቀልጦ አይበሳም፤ ዳሩ ግን ባዶውን ከባድ ነው፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ይብሱን ይከብዳል፣ በክረምት ጉምም ቶሎ አይደርቅም። በሰም የተነከረው ሸራ ውኃን የተሻለ ይከላከላል፤ ነገር ግን ሰሙ እየለቀቀ ስለሚሄድ በየጊዜው እንደገና መቀባት አለበት።

ፖሊስተርና ናይለን የሚነጻጸሩት ዴኒየር በሚባለው መለኪያ ነው። ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ሲመዘን የሚሰጠው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይወፍራል። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት ግን ቁጥሩን ብቻ አይተው ሲወስኑ ነው፤ ምክንያቱም በውፍረት እኩል ከሆኑ ሁለት ክሮች መካከል ናይለኑ ፍትጊያንና መቀደድን ከፖሊስተሩ የበለጠ ይቋቋማል። ስለዚህ 500 ዴኒየር የሆነ ጥሩ ናይለን 600 ዴኒየር ከሚል ተራ ፖሊስተር ቢበረክት ሊያስደንቅ አይገባም። በአንጻሩ ፖሊስተር ፀሐይን ከናይለን በተሻለ ይችላል፣ ውኃም ያነሰ ይጠጣል። የደጋው ፀሐይ ብርቱ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሻንጣውን ከጉዞ መልስ ደጅ ላይ ሰቅሎ የሚተው ሰው ናይለኑ እየደከመ እንደሚሄድ ይወቅ። ኮርዱራ የሚለው የጠንካራ ጨርቅ የንግድ ምልክት በርካታ ሻንጣዎች ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ምልክቱ ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን ጨርቁን በጣት እያሹ፣ የውስጡን ቅብ እየተመለከቱ መግዛት ያስፈልጋል። ቅቡ የሚላላጥ ወይም እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሻንጣው በመጋዘን አርጅቷል ማለት ነው፤ በዋጋ ቅናሽም ቢሆን አልመክረውም።

በእኔ ግምት ለዚህ አካባቢ የሚመረጠው ከ420 እስከ 500 ዴኒየር የሆነ፣ መቀመጫው ግን ከዚያ በወፈረ ጨርቅ የተደረበ ናይለን ነው። ሻንጣ ሲያርፍ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠውና ሲጎተት የሚፋተገው ታችኛው ክፍል ስለሆነ፣ ሻንጣው ሁሉ ወፍሮ ትከሻ ከሚሰብር ይልቅ መቀመጫው ብቻ ቢጠነክር ይበቃል።

ስፌቱና ዘለበቱ

ሸክም የበዛበት ሻንጣ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ማንገቻው ከገላው ጋር በተሰፋበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሻንጣውን ገልብጦ ውስጡን ማየት ከሁሉ ይቀድማል። የማንገቻው ጫፍ በሁለት ጨርቅ መካከል ገብቶ፣ በላዩ ላይ ስፌቱ ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ ጥቅጥቅ ብሎ ተመትቶ ከሆነ ሸክም ይችላል። አንድ መስመር ብቻ ሆኖ፣ የጨርቁ ጠርዝ ተተርትሮ ክሩ ከወጣ ግን ሻንጣውን መመለስ ነው። ማንገቻውን በአንድ እጅ፣ ገላውን በሌላው ይዞ ጠንከር አድርጎ ሲስቡት የመርፌው ቀዳዳዎች ከፈት ከፈት ብለው ብርሃን ካሳዩ፣ ስፌቱ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት መተርተሩ አይቀርም። ሻጩ ይህን ሲያደርጉ ቅር ቢለው እንኳን መፈተሽን መተው አይገባም።

በዚህ ረገድ አገራችን አንድ ትልቅ ጥቅም አላት፤ በየከተማው ጫማ ሰፊ አለ። በወስፌና በወፍራም ናይለን ክር የጫማ ሶል የሚሰፋ ሰው የተፈታ ማንገቻንም ከፋብሪካው ባልተናነሰ ጥንካሬ ይመልሰዋል። የተሰበረ የፕላስቲክ ዘለበት ግን አይሰፋም፤ በተለይ በወገብ መታጠቂያው ላይ ያለው ከተሰበረ ሸክሙ ሁሉ ወደ ትከሻ ይዞራል። ስለሆነም ትርፍ ዘለበት አብሮ መያዝ፣ ሲገዙም ዘለበቱ ስፌት ሳይፈታ የሚለወጥ መሆኑን ማረጋገጥ ብልህነት ነው።

ዚፕንና በገመድ የሚታሰር አፍን ስናወዳድር፣ ዚፕ ዕቃን ለማውጣት ያመቻል፤ በበጋው አቧራና በክረምቱ ጭቃ ግን ጥርሱ ይያዛል፣ አንዴ ከሳተም ሻንጣው አይዘጋም። አፉ በገመድ የሚሰበሰብና በክዳን የሚሸፈን ሻንጣ ከታች ያለውን ዕቃ ለማውጣት ቢያስቸግርም የሚበላሽ ነገር የለበትም። ለአንድ ቀን ጉዞ ዚፕ፣ ሜዳ ላይ ለሚታደርበት ጉዞ ገመድ ይሻላል እላለሁ።

መጠንን በተመለከተ ደርሶ ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ ሁለትና ሦስት ሌሊት ለማደር ከ45 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ትልቅ ሻንጣ የገዛ ሰው ይሞላዋልና ከዚህ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጭነቱ ከተሸካሚው ክብደት ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ ቢሆን፣ ማለትም ለ60 ኪሎ ሰው ከ12 እስከ 15 ኪሎ፣ በወፍ ዋሻ ደን ያለውን ዳገት በጤና ያስወጣል። ሻንጣው ሲለካ ከአንገት ሥር ጎልታ ከምትታየው አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት አናት ያለው የጀርባ ርዝመት ከሻንጣው ጀርባ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ካልተመጣጠነ መታጠቂያው ዳሌ ላይ በመዋል ፋንታ ሆድ ላይ ይውላል።

ብርድ የሚከላከለው ልብስ

እዚህ ላይ ምርጫው ሰፊ ነው፤ የአገሩም ዕቃ ከውጪው ጋር በእኩል ሊታይ ይገባዋል። ጋቢ ደረቅ ሆኖ ሳለ ግሩም ልብስ ነው፤ የጥጡ ድርብርብ በመካከሉ አየር ይይዛል፣ ለብሰውት ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል። የጥጥ ክፉ ጠባዩ ሲረጥብ ይታያል። ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በፍጥነት ስለሚያሸሽ፣ ዝናብ የጠጣ ጋቢ ከሰውነት ላይ ሙቀት መንጠቅ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ጋቢ ለበጋ ሌሊትና ለድንኳን ውስጥ እንጂ በጉምና በዝናብ ለመጓዣ አይሆንም፤ ከገላ ጋር የሚውል የጥጥ ካናቴራም እንዲሁ ነው፤ ዳገት ላይ በላብ ርሶ ንፋስ ሲያገኘው ያንቀጠቅጣል።

የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ይዞ እንኳን ማሞቁን አይተውም። የመንዝ ሰው ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራውን ባና የሚባለውን ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለውን ካባ ይዞ በዚያ ብርድ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ባና ይከብዳል፣ ሲተኙበትም ቆዳን ይቆረቁራል፣ ከሻንጣም ሰፊ ቦታ ይወስዳል፤ ሆኖም በብርታት ከውጭ ከሚመጣው ብርድ ልብስ ብዙው አይደርስበትም፤ በአጋሰስ ወይም በመኪና እስከ ማደሪያው ለሚደርስ ሰው እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው። በጀርባው ለሚሸከም ሰው ግን ፍሊስ ይመረጣል፤ ከፖሊስተር የሚሠራ በመሆኑ ቀላል ነው፣ ጨምቀው ቢያራግፉት ቶሎ ይደርቃል፣ በሰልባጅ ተራም በርካሽ ይገኛል። ጉድለቱ ንፋስን ማሳለፉ ስለሆነ ከላዩ ሌላ ልብስ ይፈልጋል።

በላባ የተሞላ ጃኬት በክብደቱ ሲመዘን ከሁሉም ይበልጥ ያሞቃል፣ ታጥፎም ጭብጥ ያህላል። ነገር ግን ላባው ከረጠበ ተጣብቆ ይኮማተርና ሙቀቱን ያጣል፤ ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ውርጭ በሚጥልባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይያዝ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን በሰው ሠራሽ ሙሌት የተሠራው ይተካው። እሳት አጠገብ ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ የፍሊስና የናይለን ልብስ ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ የበግ ፀጉር ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም።

ሱሪና ቀለም

ጂንስ ቆንጥርን ይችላል ተብሎ ይወደዳል፤ እውነትም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ያለውን እሾህ ይቋቋማል። ቢሆንም አንዴ ከራሰ በቀን ስለማይደርቅና ጉልበት ላይ ስለሚከብድ ለጉዞ አይበጅም። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት፣ ጉልበቱና መቀመጫው የተደረበ የሥራ ሱሪ ከጂንስ በፍጥነት ይደርቃል፣ ከቀጭን የስፖርት ሱሪ ደግሞ እጅግ ይበረክታል። የወታደር መለዮ የሚመስል ዝንጉርጉር ልብስና ሻንጣ ምንም ያህል ቢጠነክር መግዛት አይገባም፤ በየኬላው ጥያቄ ያስነሳል፣ ለባሹንም ለአደጋ ያጋልጣል።

የዝናብ ልብስ

የመንዝ እረኛ ከጓሳ ሣር የተጎነጎነውን ገሳ ደርቦ ዝናቡን ያሳልፋል፤ ገሳው ውኃውን ወደ ታች እያንሸራተተ፣ የሰውነት እንፋሎት ደግሞ በሣሩ መካከል እንዲወጣ ያደርጋል። ፋብሪካዎች የሚፎካከሩትም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ወፍራሙ የፕላስቲክ ካፖርት አንዲት ጠብታ አያስገባም፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ ላብንም ስለማያስወጣ ግን ዳገት የወጣ ሰው በውስጡ በራሱ ላብ ይርሳል። ጎርቴክስና መሰሎቹ በጨርቅ መካከል ስስ ሽፋን ያላቸው ሲሆኑ፣ እንፋሎትን አሳልፈው ውኃን ይመልሳሉ፤ ዋጋቸው ከባድ ነው፣ ላያቸው በቆሻሻና በቅባት ሲያዝም እንፋሎት ማሳለፋቸው ይቀንሳል። በራስ የሚጠለቀው ሰፊ የዝናብ ካባ፣ ፖንቾ፣ በመካከል ይቆማል፤ ሻንጣውን ጭምር ይሸፍናል፣ ከታች ክፍት ስለሆነ አየር ያስገባል፣ ማታም ተወጥሮ ጣሪያ ይሆናል፤ በጣርማ በር ዓይነቱ ንፋስ ግን ካልታሰረ ይውለበለባል።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ለሚበቃ ሰው ፖንቾንና ፍሊስን አጣምሮ መግዛት ውድ ጃኬት ብቻውን ከመግዛት ይሻለዋል። ጎርቴክስ ከሰልባጅ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ፈተናው ቀላል ነው። ጃኬቱን ገልብጦ በስፌቶቹ ላይ የተለጠፈውን ጥብጣብ በጥፍር መሞከር ነው፤ ከተነሳ ውኃው የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ቀጥሎም ትከሻው ላይ፣ ማንገቻ በሚያርፍበት ቦታ፣ ጥቂት ውኃ አፍስሶ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅና ውስጡን በእጅ መዳሰስ ይገባል፤ መዳፍ እርጥበት ካገኘ ጃኬቱ ለንፋስ መከላከያ ካልሆነ በቀር ለክረምት አይያዝም፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ።