በቤቴ ሶላር ላይ ባትሪ ከጨመርኩ ከ14 ወራት በኋላ

አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ በሚገኘው ቤታችን ጣሪያ ላይ እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ ስድስት ሶላር ፓነሎች ያስተከልኩት በየካቲት 2015 ነው። በወቅቱ የባትሪው ዋጋ ስለከበደኝ ፓነሎቹንና ኃይላቸውን የቤት ዕቃዎች ወደሚጠቀሙበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ብቻ ገዛሁ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፀሐይዋ ቦግ ብላ ሳለ መብራት ሲጠፋ ቤታችንም አብሮ ጠፋ። ባትሪ የሌለው የእኔ ዓይነት ኢንቨርተር የመስመሩን ኃይል ተከትሎ የሚሠራ ስለሆነ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን ያጠፋል፤ ይህም ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግን ሠራተኛ ከየቤቱ በሚመለስ ኃይል እንዳይጎዳ ሲባል የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ሻጩ ግን አስቀድሞ አልነገረኝም። ፓነል ለሚገዛ ሰው ሁሉ ከዋጋው በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ባትሪውን የጨመርኩት በኅዳር 2017 ነው። ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ መጠኑ 51.2 ቮልት በ100 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ስለናረ፣ ለባትሪው ብቻ 185,000 ብር ከፍያለሁ።

ውሳኔውን ያዘገየብኝ የገንዘብ ስሌቱ ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሆንም፣ ባትሪው በየሌሊቱ 4 ኪሎዋት ሰዓት ቢያድነኝና የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 4 ብር ብናደርገው፣ በቀን 16 ብር፣ በዓመት 5,840 ብር ይሆናል። በዚህ አካሄድ ወጪው የሚመለሰው ከ31 ዓመት በኋላ ነው፤ ባትሪው ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለቆጣሪ ካርድ የሚከፈለውን ለመቀነስ ብሎ ባትሪ ለሚያስብ ሰው ምክሬ እንዳይገዛ ነው።

እኔን ያስገዛኝ ሌላ ነገር ነው። እናቴ ኢንሱሊን ይወስዳሉ፤ ያልተከፈተው ኢንሱሊን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ቢጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ አመሻሽ ላይ ጠፍቶ እስከ ማግስቱ ከሰዓት የማይመጣበት ቀን ግን ያስጨንቃል፤ በሌሊት ጎረቤት ቀስቅሰን መድኃኒት ያስቀመጥንበት ጊዜም ነበር። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ መምጣቱ እንደማንኛውም ዜጋ አስደስቶኛል፤ እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ግን በአብዛኛው ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ዝናብና ነፋስ መስመር ሲበጥስ በመሆኑ፣ ግድቡን መጠበቅ ለዚህ ችግር መፍትሔ አልሆነልኝም።

ባትሪው የሚሸከመውን ከማይሸከመው መለየት ግድ ነው። ፍሪጁ፣ አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑና ዋይፋዩ ተደምረው ከምሽት እስከ ንጋት ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይበልጡም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አልፎ ለጠዋቱም ይተርፋል። የእንጀራ ምጣዳችን ግን 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢነድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባትሪው ብቻውን ይህን አይችልም። በተጨማሪ ብዙ ኢንቨርተሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ሲያልፉ አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ አቅማቸው ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በላይ ናት። ምጣዱና የውሃ ፓምፑ አንድ ላይ ሲነሱ ኢንቨርተሩ ከመጠን በላይ ተጭኗል ብሎ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብናል። አሁን እንጀራ የምንጋግረው ቀን፣ ፀሐይ ሲበረታና መብራት ሲኖር ነው፤ የምጣዱንም መስመር ከባትሪው አስለይቼዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስመረረኝ የገጠማው ጉድለት ነው። ቴክኒሻኑ ባትሪውን ሲያገናኝ ኢንቨርተሩን ለእርሳስ ባትሪ (እንደ መኪና ባትሪ ላለው) በተዘጋጀው የአሞላል ስልት ላይ ትቶት ሄደ፤ ይህ ስልት በየተወሰነ ጊዜ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ይሞላል፤ ለእርሳስ ባትሪ የሚጠቅም ቢሆንም ለሊቲየም አይገባም። የባትሪው መከላከያ ቮልቴጁ ሲያልፍበት ራሱን ይቆርጥና ቤቱ ይጨልማል። በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ የቀረውን ኃይል የሚገምተው ከቮልቴጁ ነበር፤ የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ግን 80 በመቶ ሲሆንም 40 በመቶ ሲሆንም እምብዛም ስለማይለያይ፣ 70 በመቶ አለ ብዬ የተኛሁበት ሌሊት ባዶ ሆኖ አደረ። ችግሩ የተፈታው ባትሪውንና ኢንቨርተሩን የሚያነጋግረው የመረጃ ገመድ ሲሰካና የአሞላል ስልቱ ሲስተካከል ነው። ገመዱ ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ ሦስት ወር ተቀምጧል። ባትሪ የምታስገጥሙ ሁሉ ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት ገመዱ መሰካቱን በዓይናችሁ እዩ፤ ዋናውን ብሬከር አስጠፍታችሁም ቤቱ በባትሪ ሲሠራ አረጋግጡ።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነበር። በጥር ቀኑ ሲጠራ ፓነሎቹ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጡኛል፤ በነሐሴ ደመናው ሲጫን 4 ብቻ ያገኘሁባቸው ቀናት አሉ። መብራት አብዝቶ የሚጠፋውም በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባትሪው ከ60 በመቶ በታች እንዳይወርድ፣ ፀሐይ ካነሰም ከመስመሩ እንዲሞላ አደረግሁት፤ በበጋ ግን እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ይህን ካስተካከልኩ ወዲህ ፍሪጁ ጠፍቶ ያደረበት ሌሊት የለም።

ጎረቤቴ በርካሽ የገዟቸው አራት የእርሳስ ባትሪዎች ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ደክመዋል፤ የእነዚያን ኃይል ከግማሽ በታች እስኪወርድ መጠቀም ዕድሜያቸውን ይቀንሳል። የእኔው ከ14 ወራት በኋላ በአቅሙ ላይ ያየሁበት ለውጥ የለም፤ የአዲስ አበባ ለዘብተኛ አየርም ይረዳዋል፤ እንደ ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ግን ቶሎ እንደሚያረጅ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ባትሪ እንድጨምር የሚመክሩኝ አሉ። በነሐሴ አንዱን እንኳ መሙላት ያቃታቸው ፓነሎች ሁለት ሊሞሉ ስለማይችሉ፣ ገንዘብ ሳገኝ የምጨምረው ሁለት ፓነል ነው።