48 ቮልት ሬክቲፋየር ከ4 ባትሪ ጋር፦ ለባህር ዳር ገስት ሀውስ ይሆናል?

ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ገስት ሀውስ ውስጥ ኢንተርኔቱንና ካሜራውን የምከታተለው እኔ ነኝ። መብራት ሲጠፋ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋይፋይ ነው። ስለዚህ የድሮውን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) አውጥተን 48 ቮልት ሬክቲፋየር ከ4 ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ጋር አስገባን። ዕቃውን በጣም ወድጄዋለሁ። አገጣጠሙን ግን አልወደድኩትም፤ እንደተገጠመ ቢቀር ኖሮ ባትሪዎቹ ዓመት የሚሻገሩ አይመስለኝም።

ሬክቲፋየሩ የመስመሩን 220 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኮረንቲ) ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኮረንቲ) ይለውጣል፣ በዚያው ዕቃውንም ይመግባል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ባትሪው ሁሌም እንደተገናኘ ስለሆነ መብራት ሲሄድ የሚቀያየር ነገር የለም፤ ራውተሩ ብልጭ እንኳ አይልም። የቴሌ ማማዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ዩፒኤስ የባትሪውን ዲሲ ኤሲ ያደርገዋል፣ ከዚያ የራውተሩ ቻርጀር መልሶ ዲሲ ያደርገዋል፣ በየመሀሉ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ካሜራዎቻችንን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ስዊች 48 ቮልት በቀጥታ ይቀበላል። ለራውተሩ ወደ 12 የሚያወርድ ትንሽ ኮንቨርተር ጨመርን፣ በቃ።

ባትሪዎቹ እያንዳንዳቸው 100 አምፒር ሰዓት ናቸው፤ 4ቱ አንድ ላይ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ። ባትሪዎቹ ሊድ አሲድ (በእርሳስና በአሲድ የሚሠሩ) ናቸው፤ ይህን ዓይነት ደጋግሞ መጨረስ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። 150 ዋት ለሚወስድ ዕቃ 16 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ብክነቱ ሲታሰብ ትንሽ ያንሳል። ሌሊቱን ሙሉ ይበቃናል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የገጠሙት ልጆች ሥራ ጨርሰው ዕቃቸውን ሲሰበስቡ በቴስተር ብለካው 57 ቮልት አሳየኝ። "ወንድሜ፣ እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይሞላል" አሉኝ። ቶሎ መሙላቱ እውነት ነው፤ ግን ቀንና ሌሊት እዚያው ላይ ከቆየ ዝግ ባትሪ ውስጡ ይደርቃል፣ ያብጣል። 4ቱ ባትሪ 24 ሴል (ባትሪው ውስጥ ያሉ ትንንሽ ክፍሎች) ነው፣ ለአንዱ ሴል 2.25 ቮልት፣ በጠቅላላው 54 ቮልት ይበቃዋል፤ ያውም በ25 ዲግሪ አካባቢ። ሙቀት ሲጨምር ቮልቱ ዝቅ ማለት አለበት። ለዚህ ብሎ ፋብሪካው ባትሪው ላይ የሚለጠፍ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አብሮ ልኳል፣ የእኛ ግን እንደታሰረ ካርቶኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር! በመጋቢትና በሚያዝያ ባህር ዳር ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል እንዴት እንደሚግል ለማንም አይነገርም። ሙቀቱ ከልኩ በ10 ዲግሪ ሲያልፍ የሊድ አሲድ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪዎቹን ከጣሪያው ሥር አውርደን ምድር ቤት፣ ፀሐይ የማይነካው ግድግዳ ጥግ አስቀመጥናቸው።

ሌላው የባሰ ነው። የባትሪው መስመር ላይ የኤሲ ብሬከር አስገብተው ነበር። ኤሲ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲቆርጥ ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል፤ ዲሲ ግን ዜሮ የሚባል ነገር ስለሌለው ብልጭታው አልላቀቅም ብሎ ብሬከሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ቤት ውስጥ ሰው ይተኛል እኮ! ተከራክሬ በዲሲ ብሬከር አስቀየርኩት።

ማራገቢያው ይጮኻል፣ መኝታ ክፍል አጠገብ አታድርጉት። አቧራም ይስባል። ደስ የሚለው፣ ሬክቲፋየሩ ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ክፍል፣ ሞጁሉ፣ ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይሸከማል፣ የሞተውንም ሳያጠፉ ነቅሎ መቀየር ይቻላል። መለዋወጫው ግን ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው ብለውናል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትርፍ ሞጁል አብሮ እንዲመጣ ተነጋገሩ።