ካን አካዳሚ ከትምህርት ርቆ ለቆየ ሥራ ፈላጊ፦ የሒሳብ ኮርሶቹ ሲፈተሹ

ትምህርት ካቋረጠ አምስት ስድስት ዓመት ያለፈው፣ ሥራም ያላገኘ፣ አሁን ለኮሌጅ ወይም ለሙያ ማሠልጠኛ መግቢያ ፈተና ልቀመጥ የሚል ወጣት መጀመሪያ የሚፈራው ሒሳብን ነው። ለዚህ ሰው ካን አካዳሚ የተባለውን የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ እንመክራለን፤ ብዙዎች በሚይዙት አያያዝ ግን አይደለም። የተለመደው አያያዝ የሚያስፈራውን ርዕስ ፈልጎ ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ማየት ነው። በዚህ መንገድ ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው ሲያስረዱት ይገባዋል፣ ባዶ ወረቀት ሲሰጡት ግን እጁ አይንቀሳቀስም።

መድረኩን ሳልማን ካን በ2008 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አድርጎ አቋቋመው። ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለበትም። ለመመዝገብ ኢሜይል ይበቃል። ገቢ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሙከራ ጊዜው አለቀ ተብሎ በግማሽ መንገድ የሚዘጋ በር የለም። ክፍያ ያለው ካንሚጎ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጠኚ በ2023 የመጣ ተጨማሪ ነው፤ ያለ እሱም ኮርሶቹ ሙሉ ናቸው።

ዋናው ጥያቄ ከየት ይጀመር የሚለው ነው። መልሳችን፦ ካቆማችሁበት ክፍል ሳይሆን ከዚያ ብዙ ዝቅ ብላችሁ። አልጀብራ አልገባኝም የሚል ሰው ደብተሩ ሲታይ ብዙ ጊዜ ችግሩ አልጀብራው ላይ አይደለም። ለምሳሌ −2(ሀ − 5) ሲፈታ −2ሀ − 10 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው −2ሀ + 10 ነው። የተሳሳተው ሁለት አሉታዊ ቁጥሮች ሲባዙ ነው፤ ይህ ደግሞ ከአልጀብራ በፊት የሚያልቅ ትምህርት ነው። 2/3 + 1/4 ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 3/7 የሚልም አለ። 3/7 እኮ ከመነሻው ከ2/3 ያንሳል፤ ጨምረን እንዴት አነሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስህተቱን ራሱ ይይዘዋል። ታህቶቹን ወደ 12 ሲያመጣ 8/12 + 3/12፣ ማለትም 11/12 ያገኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ አሪትሜቲክ (መሠረታዊ ስሌት) የሚለውን ኮርስ ክፈቱና ምንም ቪዲዮ ሳታዩ ኮርስ ቻሌንጅ የሚለውን ፈተና ውሰዱ። 30 ጥያቄ ነው። ካልኩሌተር አትንኩ፤ የማታውቁትንም በግምት አትሙሉ፣ ምክንያቱም በዕድል የተገኘ መልስ የማታውቁትን ርዕስ የምታውቁት አድርጎ ያስቀምጥባችኋል። ፈተናው ሲያልቅ የትኛው ምዕራፍ ባዶ እንደሆነ ገጹ ያሳያችኋል። ክፍልፋይና አሉታዊ ቁጥር ላይ ቀዳዳ ካለ እዚያው ቁሙ። እነዚህ ካለቁ በኋላ ንጥጥርና መቶኛ ያሉበት ፕሪ አልጀብራ፣ ከዚያ አልጀብራ 1 ይከተላል። ጌት ሬዲ ፎር አልጀብራ 1 የሚባል አጭር መንደርደሪያም አለ፤ ለአልጀብራው የሚያስፈልገውን ብቻ ከታች ክፍሎች ለቅሞ የያዘ ስለሆነ ጊዜ ለጠበበው ይጠቅማል። መሠረቱ ጭራሽ ለጠፋበት ግን ይፈጥናል።

የነጥብ አሰጣጡን ሳይረዱ መጀመር ብዙ ሰው ያደናግራል። አንድ መልመጃ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ይይዛል። ቢያንስ 70 በመቶ ከመለሳችሁ ፋሚሊያር (የተለማመደ)፣ ሁሉንም ከመለሳችሁ ፕሮፊሸንት (ብቁ) ትባላላችሁ። የመጨረሻው ደረጃ፣ ማስተርድ (ጠንቅቆ ያወቀ)፣ በተራ መልመጃ አይገኝም፤ ርዕሶች ተደበላልቀው በሚመጡባቸው እንደ ዩኒት ቴስት (የምዕራፍ ፈተና) እና ኮርስ ቻሌንጅ ባሉ ፈተናዎች ነው የሚገኘው። እዚያ ሲሳሳቱ ደረጃው ወደ ታች ይመለሳል። ይህ ብዙ ተማሪ ያናድዳል፤ እኛ ግን የመድረኩ ምርጥ ክፍል እሱ ነው እንላለን። አንድ ዓይነት ጥያቄ አራት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ ሦስተኛው ላይ አእምሮ ማሰቡን ትቶ የቀደመውን ይገለብጣል። ጥያቄዎቹ ሲደበላለቁ ግን መጀመሪያ የትኛው ዘዴ እንደሚያስፈልግ መለየት ግድ ይላል፤ የመግቢያ ፈተናም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንዱን ርዕስ በደንብ ሳይዙ ወደ ሚቀጥለው አለመሄድ የሚለው ሐሳብ ራሱ የካን አይደለም፤ የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም በ1968 ጽፎበታል። በክፍል ውስጥ መምህሩ አርባ ተማሪ ይዞ ሊያደርገው የሚቸገረውን ኮምፒውተር በቀላሉ ያደርገዋል።

ነጥብ ከሚያስጥሉ ጥቃቅን ነገሮች አንዱ ፍንጭ ነው። በአንድ ጥያቄ ላይ ፍንጭ ከከፈታችሁ ጥያቄው እንደተሳሳታችሁት ይቆጠራል። መጀመሪያ ተሳስታችሁ በሁለተኛው ሙከራ ብታርሙትም እንደዚያው። እና ፍንጩን አትፍሩት፣ ግን ከፍታችሁ ካነበባችሁ በኋላ ገጹን ትታችሁ ጥያቄውን በወረቀት ከመጀመሪያው ፍቱት። መልስ አጻጻፉም ጠንቃቃ ነው። ድብልቅ ቁጥር ሲጻፍ በሙሉ ቁጥሩና በክፍልፋዩ መካከል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ 1 3/4 ብላችሁ ልትጽፉ 13/4 ከወጣ ሌላ ቁጥር ሆነ። 2/3 የሆነ መልስ ተጠጋግቶ 0.67 ተብሎ ቢገባ ትክክለኛ ዋጋ በሚጠየቅበት ቦታ ስህተት ነው። የካልኩሌተር ምልክት የሌለበት ጥያቄ ያለ ካልኩሌተር እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ቪዲዮዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀለም እየተጻፈ ረጋ ብሎ ይነገራል። አጠቃቀማቸው ላይ ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ምሳሌው ሲጻፍ አቁሙት፣ በደብተር ሞክሩ፣ ከዚያ አስቀጥሉ። ርዕሱን ታስታውሱት ከሆነም ቪዲዮውን ዝለሉና በቀጥታ መልመጃውን ሥሩ፤ ከተሳሳታችሁ ብቻ ተመለሱ። ዋናው ይዘት የተሠራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሒሳቡ ሳይከብድ ቃሉ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ኑሜሬተር ላዕል፣ ዲኖሚኔተር ታህት፣ ሬሺዮ ንጥጥር እያሉ በደብተር ጀርባ መመዝገብ ለቃላት ጥያቄዎች ብዙ ይረዳል። የንግግሩን ፍጥነት ከማስተካከያው ወደ 0.75 ማውረድም ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ቅሬታዎቻችን። የምስክር ወረቀት የለም። ኮርሱን መቶ በመቶ ብትጨርሱም ለአሠሪም ሆነ ለኮሌጅ የምታሳዩት ወረቀት አይሰጣችሁም፤ መድረኩ የሚያዘጋጃችሁ ሌላ ቦታ ለሚሰጥ ፈተና ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ልትገቡበት የፈለጋችሁትን ተቋም የፈተና ይዘት ዝርዝር ጠይቁና ምዕራፎቹን ከኮርሱ ምዕራፎች ጋር አስተያዩ። ፈተናው ላይ የማይመጣ ምዕራፍ ካለ ያለ ጸጸት እለፉት። ሁለተኛ፣ የመልሱን ውጤት እንጂ አሠራሩን የሚያርም የለም። ደረጃ በደረጃ ጽፎ ማሳየት ለሚጠይቅ ፈተና ይህ ክፍተት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ደብተራችሁን የሚያይ ሰው ፈልጉ። ድርሰት ለመለማመድም እዚህ አትድከሙ። ሦስተኛ፣ ነጥቡና አቫታሩ (የተማሪው መለያ ሥዕል) የልጆች ነው። ሃያዎቹን ለጀመረ ሰው ትንሽ ያሳፍራል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የጊዜ ገደብ አለመኖሩ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ቀኑ ሙሉ የእሱ ይመስላል፤ ነገ እሠራዋለሁ ለማለት ከዚህ የተመቸ ሁኔታ የለም። በቀን ስድስት ሰዓት ብሎ መጀመር በሳምንቱ ያስቆማል። ጠዋት 45 ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ዕረፍት፣ ሌላ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከሰዓቱ ለሥራ ፍለጋ ይቀራል፣ ጥሪ ሲመጣም ፕሮግራሙ አይፈርስም። ከአምስቱ ቀን አንዱን አዲስ ትምህርት ሳትነኩ ለዩኒት ቴስት ብቻ ተዉት። ሦስት ቀን ካመለጠ ደግሞ ያመለጠውን ለማካካስ አትሩጡ፤ የመጨረሻውን ፈተና ደግማችሁ ውሰዱና ከዚያ ቀጥሉ።

ኢንተርኔት ለሚቸግረው፣ በስልኩ መተግበሪያ ላይ ቪዲዮ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ ለበለጠ ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ የሠራው ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ ያለ ኢንተርኔት ያስጠቅማል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በዚያው ዋይፋይ ውስጥ ያሉ ስልኮች በብራውዘር ይገቡበታል፤ አራት አምስት ሆነው ለሚያጠኑ ወጣቶች ከዚህ የተሻለ አላየንም። ሙሉው ይዘት ብዙ ጊጋባይት ስለሚወስድ ሲያወርዱ አሪትሜቲክንና ፕሪ አልጀብራን ብቻ መምረጥ ያዋጣል። እዚያ የሠራችሁት ወደ ካን አካዳሚ መለያችሁ አይተላለፍም፤ የትኛው ምዕራፍ እንዳለቀ በወረቀት ያዙ።