የጅማ ዋንዛ ወይስ የውጭ ኤምዲኤፍ? ቁም ሳጥን ለምትገዙ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። አንዷ ልታገባ ነው፣ ሁለቱ ቤት ቀይረዋል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። «አንቺ የጅማ ልጅ ነሽ፤ ቁም ሳጥን እዚሁ ላሠራ ወይስ ያለቀለትን ልግዛ?» ሁለቱንም ገዝቼ በሁለቱም ተቃጥያለሁና አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከወዲሁ ልናገር፣ ለዋንዛው አደላለሁ። ግን «የአገር ምርት ነው» ስለተባለ ብቻ ብር አውጡ አልልም። እኔ እንደዚያ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

2014 ላይ ነው። «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለው ንቅናቄ የተጀመረበት ዓመት ነው፤ እኔም ሞቅ ብሎኝ ነበር። ሰኔ ላይ አንድ እንጨት ቤት ገባሁ። ልጁ «ዋንዛ ነው እህቴ» አለኝ። ባለሁለት በር፣ 19,500 ብር። ተከራክሬ 18,000 አስገባሁት፤ 10,000 ቀብድ ከፈልኩ። «በአሥራ አምስት ቀን» የተባለውን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወሰድኩ። ሲያምር! ጥር ሲገባ በሩ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ጣቴ ያልፍበታል። ቁልፉም አልገጥም አለ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አናጺ አሉ። መጥተው አዩልኝ። ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙረው በቢላ ፋቅ አደረጉት። ከቡናማው ቀለም ሥር ነጣ ያለ እንጨት ብቅ አለ። «ልጄ፣ ይሄ ባህር ዛፍ ነው። እሱም ሳይደርቅ ነው የተሠራው» አሉኝ። እርጥብ እንጨት በክረምት ልክ መስሎ ይቆያል። በጋ ሲመጣ ውኃው ሲወጣ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ባህር ዛፍ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው።

ተናድጄ ወደ ውጭው ዞርኩ። ባለሦስት በር ኤምዲኤፍ (የደቀቀ እንጨት በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ ከነመስታወቱ 24,000 ብር። መኪና 1,200፣ ጫኝና አውራጅ 600። እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ዓመት ደስ ይል ነበር። በሩ ድምፅ የለው፣ ገጹ እንደ መስታወት።

ግን ጅማ ነው ያለነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚዘንብበት ከተማ ነው። ወለል በተወለወለ ቁጥር የሳጥኑ እግር ውኃ ይጠጣል። በሁለተኛው ክረምት ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ አበጠ። ቀጥሎ የበሩ ማጠፊያ ብሎኑን ይዞ ወጣ። ቀዳዳው ውስጥ የቀረው ዱቄት ነው፤ ብሎን የሚነክሰው ነገር የለም። ሽማግሌው ክብሪት እንጨትና ኮላ ሞሉበት። ሁለት ሳምንት ቆየ። አራት ጊዜ አስጠገንኩት፣ በ350 ብር ሂሳብ 1,400። ቤት ስቀይር ተፈትቶ ተገጠመ፤ ከዚያ ወዲያ በቃ፣ ያዘመመ ሰው ሆነ። በሁለት ዓመቱ 5,000 ብር ሸጥኩት።

ሂሳቡን ላስላው። 24,000፣ ሲደመር 1,800፣ ሲደመር 1,400፣ ሲቀነስ 5,000። 22,200 ብር ጠፋ፤ በዓመት 11,100 ማለት ነው። ለልብስ ማስቀመጫ ኪራይ የከፈልኩ ነው የሚመስለኝ።

ስገዛ ሻጩ «ይሄም እኮ እዚሁ የተሠራ ነው» ብሎኝ ነበር። ውሸት አይደለም። እዚሁ ተቆርጦ እዚሁ ተገጥሟል። ጣውላው ግን ከውጭ የመጣ ነው። የአገር ምርት የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚለጠጥ ያን ቀን ገባኝ።

ዋንዛውን በመጨረሻ ያሠራሁት ከሽማግሌው ነው። 46,000 ብር። አዎ፣ ያስደነግጣል። ከዚህ ውስጥ 28,000ው የእንጨቱ ብቻ ነው። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ጥድና ዝግባ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የ1986ቱ የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። አሁንም የሚገኘው በአብዛኛው ከገበሬ ማሳ፣ ለቡና ጥላ ከቆመው ነው፤ እሱንም ገበሬው በቀላሉ አይሰጥም። ሽማግሌው ከመስማማታችን በፊት ጓሮ ወስደው ጣውላውን አሳዩኝ። በየመሃሉ ቀጭን እንጨት ተደርጎ፣ ከቆርቆሮ ሥር ተደርድሯል። ንፋስ እንዲገባበት ነው። ዓመት አልፎታል። ይህን ያላሳያችሁን እንጨት ቤት ቀብድ አትስጡ።

46,000ው ለኤምዲኤፍ በማጠፋው ሂሳብ የአራት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። እናቴ በደርግ ጊዜ ያሠራችው የዋንዛ ቁም ሳጥን ዛሬም በሩ ይዘጋል። የተቀየረለት ቁልፉ ብቻ ነው።

ስትገዙ የሚያታልላችሁ ክብደት ነው። «ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው» ይሏችኋል። ዋንዛ እኮ ቀላል ነው! ብቻችሁን በሩን ማንሳት ካቃታችሁ ባህር ዛፍ ጠርጥሩ። ፊቱን ተዉት፣ ጀርባውንና የመሳቢያውን ውስጥ እዩ፤ እዚያ ቀለም አይባክንም። በርጩማም ስትገዙ ገልብጡት። የጅማ በርጩማ ከነሦስት እግሩ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው። ኮላ ካያችሁ አስቀምጡት።

46,000 የለኝም ለምትሉ፣ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ በራሱ ስምና በራሱ ቀለም አሠሩ፤ እኔ የጠየቅኩት 27,000 ነበር። ኤምዲኤፉ ውኃ ለማይነካው፣ ለማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል የወጥ ቤት ሳጥን ይሁን። ተከራይ ከሆናችሁ ግን አይሆንላችሁም።

ልታገባ ያለችውን ጓደኛዬን ወደ ሽማግሌው ላክኋት። «የደረቀው አልቋል፤ ያለው ገና ነው። ከመስከረም በፊት ከፈለግሽ፣ ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሏት። ሠርጓ ግንቦት ነው። ቀብዱን ከፍላ መጣች። እስከዚያ የሙሽሮቹ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ነው።