ሜሪዳ አደባባይ ላይ «እኔ ሻጭ አይደለሁም» ብሎ የሚጠጋችሁን ሰው ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ገንዘባችንን የበላው ሰውዬ ዛሬ ጠዋትም ካቴድራሉ ፊት ለፊት ጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። ሜክሲኮ፣ ዩካታን ውስጥ ሜሪዳ አንድ ሁለት ወር ተቀምጣችሁ ከተማዋን ቀስ ብላችሁ ለማየት ያሰባችሁ፣ በተለይ በእኛ ዕድሜ ያላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ነጭ ጓያቤራ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ የለሰለሰ እንግሊዝኛ። ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል። ሐሙስ ማታ ሳንታ ሉሲያ መናፈሻ የሚቀርበው ሴሬናታ እንዳያመልጣችሁ ይመክራል፤ ይህ ምክሩ እንኳ እውነት ነው፣ ከ1965 ጀምሮ ያለ ነፃ የሙዚቃ ምሽት ነው። የካስትሮ ፓቼኮ ትልልቅ ሥዕሎች በመንግሥት ሕንፃው ላይኛው ፎቅ አዳራሽ እንዳሉም ይነግራችኋል። ካመናችሁት በኋላ ነው «የማያ ባለእጆች ማኅበር ኤግዚቢሽን አለ፣ መንግሥት ነው ያዘጋጀው፣ ዛሬ ያበቃል» የሚለው። በማግስቱም በሳምንቱም ለሌሎች ያንኑ ሲል ሰምቼዋለሁ። የሚያስገባችሁ ሱቅ የመንግሥት አይደለም፤ እሱም ኮሚሽን የሚቆረጥለት ደላላ ነው።

የሚሸጡት አማካ ነው፤ ያ በሁለት ጫፉ ተሰቅሎ የሚተኛበት የክር መረብ። ሜሪዳ ውስጥ ብዙ ቤቶች ሲሠሩ የአማካ መስቀያ ብረት ግድግዳቸው ላይ አብሮ ይገባል፤ የተከራየነው ክፍልም አለው፤ በዚያ ሙቀት ከፍራሽ ይልቅ አየር የሚያስገባ መረብ ላይ መተኛት ይሻላል። ስለዚህ መግዛታችን ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ሰውየውን ማመናችን ነው። አማካው የቃጫ ነው አለ፤ ተባይ አይደፍረውም፣ ላብ አይዝም፣ ዕድሜ ልክ ይቆያል። እጄን አሳረፍኩበት፣ ለስላሳ ነው። ለስላሳ ቃጫ! ቃጫ ምን እንደሆነ እኮ እናውቃለን። ከጉድጓድ ውሃ ስንስብበት መዳፋችንን ይልጠው የነበረ ገመድ ነው። ዩካታንም ቃጫን ያመረተው ለገመድና ለጆንያ ነው፤ ፓሴዮ ዴ ሞንቴሆ በሚባለው ጎዳና ላይ የተደረደሩት የድሮ ቪላዎች የተሠሩት በዚያ ንግድ ገንዘብ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ 4,600 ፔሶ በካርድ ከፈልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ክፍላችን ገብተን ባለቤቴ አንዱን ጫፍ መስቀያው ላይ አግብታ ስትዘረጋው ክሩን በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው። ዝም አለች። እንደገና አሸችው። «አንተ፣ ይሄ ቃጫም ጥጥም አይደለም» አለች። ከጫፉ የተረፈውን ክር የጣት ያህል ቆርጣ ሳህን ላይ አደረገችና ክብሪት አስጠጋችለት። ጥጥ ቢሆን ነዶ፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸቶ፣ በጣት የሚፈርስ አመድ ይሆን ነበር፤ ቃጫም እንዲሁ። ይሄ ግን እሳቱ በወጉ ሳይነካው ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ሲበርድ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ሆኖ ሳህኑ ላይ ተጣበቀ። ናይለን ነው። በጥፍሯ ልታነሳው ሞከረች፣ አልላቀቅ አለ። ሁለታችንም ያቺን ፍሬ እያየን ቆመን ቀረን።

ከዚያ ጫፉ ላይ የሚሰበሰቡትን ክሮች ጥንድ ጥንዱን ቆጠርን። ለሁለት ሰው የሚሆን፣ «ማትሪሞኒያል» የሚሉት፣ 150 ጥንድ ገደማ ሊኖረው ይገባል፤ ለአንድ ሰው የሚሆነው 50 ገደማ ነው። የእኛ 90 አልሞላም። ክሩ ሲያንስ መረቡ ይሳሳል፤ በሰያፍ መተኛት ሲገባችሁ ወደ መሃል ይሰበስባችሁና ጀርባችሁን ይቀጣል።

ወደ ሱቁ ስንመልሰው የምትሸጠው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ደረሰኙን በጣቷ ገፋችልን። የተጻፈበት «1 የእጅ ሥራ» ብቻ ነው። «ቃጫ ነው ያለ ማን ነው?» አለች። ያለው ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ ስንጠራው ጀርባውን ሰጠን። ልጅቷ ለጓደኛዋ «ቪየሂቶስ» ብላ ሳቀች። ሽማግሎቹ ማለቷ ነው፤ ያን ያህል ስፓኒሽ እንሰማለን።

ናይለን በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ውጭ ለሚሰቀል ይሆናል። በናይለን ዋጋ ይሸጥ ነው የምለው፤ ሉካስ ዴ ጋልቬስ ገበያ ተመሳሳዩን 700 ፔሶ ጠሩልን። መጀመሪያ 63ኛው መንገድ ላይ፣ በ64 እና በ66 መካከል ያለውን የግዛቱን መንግሥት የእጅ ሥራ መሸጫ፣ ካሳ ዴ ላስ አርቴሳኒያስን፣ እዩና ዋጋ አመሳክሩ፤ ወይም አማካ ወደሚሠራባት ቲሽኮኮብ ሂዱ። ጥጥ ከሆነ ደረሰኙ ላይ «አልጎዶን» ተብሎ ካልተጻፈ አትክፈሉ። ፕሮፌኮ የሚባለው የሸማቾች መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይቀበላል፤ ግን «1 የእጅ ሥራ» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ምን እንደተሸጠላችሁ ማስረዳት ከባድ ነው።