ባሕር ዳር ላይ የሒሳብ አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች፣ እና ለቲቸር ምስጋና

ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቼን ሒሳብ የምታስጠናውን መምህርት በአደባባይ ላመሰግናት ካሰብኩ ቆይቻለሁ። አስጠኚ የምትፈልጉ ካላችሁም ሳላመነታ እሷን እጠቁማችኋለሁ። ስሟን ያልጻፍኩት መታወቅ ስለማትወድ ነው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፤ እኔም እንደዚያው ልበላት።

ቲቸር ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ሒሳብ ተምራ የወጣች ናት። ሽምብጥ አካባቢ ቤቷ ሳሎን ውስጥ ጥቂት ልጆች ሰብስባ ታስጠናለች። ያላት አንድ ላፕቶፕ ነው። እሱ ላይ ሲሙሌሽን ትከፍትላቸዋለች። ልጁ አንድ ቁጥር ሲቀይር ግራፉ ወይም ስዕሉ እዚያው ዓይኑ እያየ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ የምትጠቀመው ፌት የሚባለውን ነው። ፌትን የጀመረው ካርል ዋይማን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በፈረንጆቹ 2001 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ2002 ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ሥራ ጀመረ። ለጂኦሜትሪ ደግሞ ጂኦጀብራ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ትጨምርበታለች። እሱን የሠራው ማርኩስ ሆሄንዋርተር ነው፤ ኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ማሟያው የጀመረው ሥራ ነበር። ተማሪ ሁለቱንም በነጻ ማግኘት ይችላል።

«ነጻ ከሆነ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። እኔ የምከፍለው ለአጠያየቋ ነው። እስቲ በምሳሌ ላሳያችሁ።

ቲቸር ጋ አንድ ሕግ አለ። ግምቱን ከነምክንያቱ ደብተሩ ላይ ያልጻፈ ልጅ ላፕቶፑን አይነካም። አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ሄጄ ጥናቱ ስላላለቀ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። መድፍ የሚተኮስበትን ሲሙሌሽን ከፍታለች። መድፉ መሬት ላይ ነው፣ የአየር ግጭቱ ጠፍቷል። «በ30 ዲግሪና በ60 ዲግሪ ብንተኩስ የትኛው ይርቃል?» አለቻቸው። አስራ አንደኛ ክፍል ያለው ልጄ «60፤ አየር ላይ ብዙ ስለሚቆይ» ብሎ ጻፈ። ጓደኛው «30፤ ወደፊት ስለሚፈጥን» አለ። ሁለቱም ያልተሳሳተ ምክንያት ይዘዋል። ተኮሱ። ሁለቱም ጥይቶች አንድ ቦታ ላይ አረፉ!

ልጆቹ ጮኹ። ቲቸር አላብራራችም። «ሌላ እንዲህ የሚገጥም ጥንድ አለ?» አለች ብቻ። 20ን ከ70፣ 40ን ከ50 ጋር ሞከሩ። ከዚያ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ሁሉም ሲደመሩ 90 ናቸው!» አለች። «ጎበዝ። እንግዲያው ጥንድ የሌለው ዲግሪ የቱ ነው?» ትንሽ ዝም አሉና ልጄ «45» አለ። «ለምን ይመስልሃል ከሁሉም የሚርቀው እሱ የሆነው?» እዚህ ላይ ነው ወረቀትና እርሳስ የወጣው። ርቀቱን ከዲግሪው ጋር የሚያገናኘው የሳይን ቀመር የመጣው ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ስለሆነ፣ ልጆቹ የሚፈልጉትን ነገር እንዳገኘ ሰው ነው የተቀበሉት። በመጨረሻ የአየር ግጭቱን አበራችው። ጥንዶቹ ተለያዩ፤ የ30ው ከ60ው ራቀ። «ይህን ደግሞ ለሚቀጥለው አስቡበት» ብላ ላፕቶፑን ዘጋችው።

እኔ ይህን ሒሳባዊ አስተሳሰብ እለዋለሁ። መገመት፣ መሞከር፣ የሚደጋገም ነገር መፈለግ፣ ከዚያ «ሁልጊዜ ይሠራል ወይ?» ብሎ ማረጋገጫ መጠየቅ። ልጄ ቤት ሲመጣ የሚያወራው ስለመልሱ ሳይሆን «እንዲህ ባደርገውስ?» እያለ ሆኗል። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

የስምንተኛ ክፍሏ ልጄ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዋይ እኩል ይሆናል ኤም ኤክስ ሲደመር ቢ (y = mx + b) የሚለውን የቀጥታ መስመር ቀመር እንደ ጸሎት በቃሏ ትለው ነበር። ኤሟ ምን እንደምትሠራ ግን አታውቅም። ቲቸር የመስመር ግራፍ ሲሙሌሽን ሰጠቻትና «መስመሩን ሳታዘሚው ወደ ታች አውርጂው» አለቻት። ልጅቷ ቢን ስትቀንስ ወረደ። ኤምን፣ ማለትም ስሎፑን (የመስመሩን ተዳፋት)፣ ስትቀይር ዘመመ። ከዚያ ስክሪኑ ተዘጋና ጥያቄው ወደ ከተማችን ወጣ። «ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስንወጣ የመንገዱ ስሎፕ ፖዘቲቭ ነው። ስንወርድስ መንገዱ ተቀየረ?» ልጆቹ ተከራከሩ፣ እራት ላይም እኛ ቤት ክርክሩ ቀጠለ። ግራፍ የምናነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። መንገዱን ግን በየትኛው በኩል ቆመን እንደምናየው የምንወስነው እኛ ነን። ልጄ ይህን በራሷ አፍ ለእናቷ ስታስረዳ የተሰማኝን ደስታ በጽሁፍ መግለጽ ይከብደኛል።

ከዚህ በፊት ልጆቼን ሌላ ቦታ አስገብቼ ነበር። «በኮምፒውተር የታገዘ» ይባል ነበር። ልጆቹ ቪዲዮ አይተው መልሱን ደብተር ላይ ይገለብጣሉ፣ አለቀ። ስለዚህ «በቴክኖሎጂ እናስተምራለን» ሲሏችሁ ልጁ ራሱ በእጁ ምን እንደሚሠራ፣ ከመሥራቱ በፊትስ ምን እንደሚጠየቅ አጣሩ።

መብራትና ኔትወርክስ? ቲቸር አስባበታለች። ሲሙሌሽኖቹን አንዴ አውርዳ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጣቸዋለች፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። ላፕቶፑ ቻርጅ ከጨረሰ ጥናቱ በወረቀት ይቀጥላል። እናንተም ስልካችሁ ላይ መክፈት ትችላላችሁ። ግን ልጁን ከስልኩ ጋር ብቻውን አትተዉት። ዝም ብሎ ሲነካካ ሊውል ይችላል። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት። ሒሳቡን ባታውቁትም ይህችን መጠየቅ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፈተና ሲደርስ ቶሎ ቶሎ ወርክሺት የሚያስጨርስ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ቲቸር አትሆናችሁም። አንድ ጥያቄ ላይ ረጅም ጊዜ ትቆያለች። መጀመሪያ ላይ እኔንም ሐሳብ ውስጥ ከትቶኝ ነበር። አሁን ግን ልጆቼ ያላዩት ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ አይደነግጡም፣ ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። ክፍያዋም እንደኛ ላለ የመንግሥት ሠራተኛ የሚከብድ አይደለም።

ቲቸር፣ ይህን ካነበብሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጆቼን «አልችልም» ከሚል ቃል አላቀሽልኛል። ውለታሽ አለብኝ።

የምትፈልጉ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ልጅ ስለማትቀበል ወረፋ ሊኖር ይችላል። ልጁ ስልክም ላፕቶፕም መያዝ የለበትም፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ግምቱን ደጋግሞ ስለሚያስተካክል እርሳስ ነው የምትፈልገው።